ውሃው ጠርቷል፣ ዓሣው ግን የለም፤ ወንዝ በምን ይኖራል?

ጥያቄው፦ «ከጥቂት ዓመታት በፊት በአቅራቢያችን ያለ አንድ ትንሽ ወንዝ ‹ጽዳት› ተደረገለት። የወደቁ ግንዶችና የተጠራቀመ ቅጠል ወጡ። የዳርቻው ዛፎች ተቆረጡ፤ ጠመዝማዛው ቀጥ ተደርጎ ተቆፈረ። አሁን ውሃው ኩልል ብሎ ይወርዳል። የላብራቶሪ ውጤቱም ንጹሕ ነው ይላል። ዓሣው ግን ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዶ አሁን ጠፋ ማለት ይቻላል። ወፎቹም የሉም። ምን ጎደለ? ዓሣ አምጥተን ብንጨምርበትስ?»

መልስ፦

ባጭሩ ለመናገር፣ ውሃው አልተበላሸም። የተወሰደው የወንዙ ምግብና ቤት ነው። ያ የወጣው ግንድና ቅጠል ለዓይን ቆሻሻ ይመስላል፤ ለወንዙ ግን ቀለቡ ነበር። የተቆረጠው ዛፍም እንደዚያው። ላብራቶሪው የመረመረው በጠርሙስ የተቀዳውን ውሃ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ የሚኖረው ፍጥረት ምን ይበላል፣ የት ይደበቃል፣ እንቁላሉን የት ይጥላል የሚለውን ጠርሙሱ አይናገርም። ዓሣ ስለመጨመሩ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እስከዚያ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ።

ከቅጠሉ እንጀምር። ዛፍ በሸፈነው ትንሽ ወንዝ ውስጥ ፀሐይ እንደ ልብ አትገባም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሚበቅለው ነገር ጥቂት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ነፍሳትና ዓሣ በምን ይኖራል? ከላይ በሚወርደው ነው። ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ጭራሮ፣ ቅርፊት፣ ሁሉም ወደ ውሃው ይገባል። ወንዙ የሚበላው በአብዛኛው ጫካው የጣለውን ነው።

ቅጠል ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ወዲያው አይበላም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ስኳሩና ሌላው የሚሟሟ ነገር ከውስጡ ይወጣል፤ ያንን ባክቴሪያዎች ይሻሙበታል። ከዚያ ተራው የፈንገስ ነው። የውሃ ፈንገሶች በቀጫጭን ክሮቻቸው ቅጠሉን ሰርስረው ይገባሉ። ጠንካራውን ክፍል ያላሉታል። ከውሃው ውስጥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየሳቡም የራሳቸውን ገላ ይጨምሩበታል። ደረቅ ቅጠል ለብቻው ድሃ ምግብ ነው። ፈንገስ ሲወርሰው ግን ይለሰልሳል፤ ይበለጽጋልም።

እነዚህን ፈንገሶች ለዓለም በሰፊው ያስተዋወቀው የዕፅዋት ተመራማሪው ቴረንስ ኢንጎልድ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር። የብዙዎቹ ዘር እንደ ተራ ሻጋታ ዘር ክብ አይደለም፤ አራት ቅርንጫፍ ያወጣል። ይህ ቅርጽ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ቅጠል ላይ ለመንጠላጠል ይመቻል። ከፏፏቴ ሥር የሚጠራቀመውን ነጭ አረፋ በማይክሮስኮፕ ብታዩት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ዘሮች የተሞላ ነው። ሰው ግን አረፋ ሲያይ ሳሙና ተደፋ ይላል። አንዳንዴ እውነት ሳሙና ነው። በጫካ ውስጥ ባለ ወንዝ ላይ ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ የጤና ምልክት ነው።

ፈንገሱ ያለሰለሰውን ቅጠል የሚቆራርጡ ፍጥረታት አሉ። እኛ በሙያችን ቆራጮች እንላቸዋለን። የአንዳንድ ነፍሳት እጮች፣ በአንዳንድ ወንዞች ደግሞ ሸርጣኖች ይህን ሥራ ይሠራሉ። ቅጠሉን ሲበሉ ብዙውን ያባክኑታል፤ ፍርፋሪውና ኩሳቸው ወደ ታች ይፈሳል። ይህ ብክነት ግን ለሌላው ሲሳይ ነው። ከታች የሚጠብቁት ለቃሚዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ከወለሉ ላይ ፍርፋሪውን ይለቅማሉ። ሌሎቹ፣ በተለይ ካዲስፍላይ የሚባሉት ነፍሳት እጮች፣ ከአፋቸው በሚያወጡት ሐር ጥቃቅን መረብ ሠርተው በድንጋዮች መካከል ይዘረጋሉ፤ ውሃው የሚያመጣውን ይይዛሉ። ፋቂዎችም አሉ። እነሱ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን አልጌ ፍቀው ይበላሉ። ሁሉንም ደግሞ አዳኞች ይከተሏቸዋል፤ የውሃ ተርብ እጭ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ዓሣ በል ወፍ።

ይህ ሰንሰለት በእርግጥ በቅጠል ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? አሜሪካኖች በሙከራ አረጋግጠውታል። በሰሜን ካሮላይና ተራሮች፣ ኮዊታ በሚባል የምርምር ጣቢያ፣ ብሩስ ዋላስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምረው አንዲት ትንሽ የጫካ ጅረትን በመረብ ሸፈኑ። ውሃው እንዳለ ነበር፤ ብርሃኑም ዛፉም እንዳለ። የተከለከለው ቅጠሉ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የታየው እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። ቅጠል በል ነፍሳቱ ብቻ ሳይሆኑ እነሱን የሚበሉት አዳኞችም አሽቆለቆሉ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነበር። ወንዙ ግን ተርቧል። የእናንተ ወንዝ ላይ የተደረገው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእናንተው ለሙከራ አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ወንዝ ከምንጩ እስከ አፉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የወንዝ ተመራማሪው ሮቢን ቫኖትና ጓደኞቹ ይህን በአንድ ሐሳብ ጠቀለሉት። ላይኛው ጠባብ ወንዝ በቅጠል ይኖራል፤ ስለዚህ ቆራጮች ይበዙበታል። መሐል ላይ ወንዙ ይሰፋል፤ ፀሐይ ትገባለች፤ አልጌ ይበቅላል፤ ፋቂዎች ይበረክታሉ። ታች ደግሞ ውሃው ጠልቆ ይደፈርሳል፤ ከላይ በመጣው ደቃቅ ፍርፋሪ የሚኖሩ ለቃሚዎች ይነግሡበታል። ላይኛው ያባከነውን ታችኛው ይበላዋል ማለት ነው። ይህ ሥዕል ለሁሉም ወንዝ አይሠራም። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ወይም በረሃ ላይ የሚነሳ ጅረት ከመነሻው በአልጌ የሚኖር ሊሆን ይችላል። አልጌም ቢሆን መናቅ የለበትም። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ለመፈጨት ቀላል ነው፤ ለዕድገት የሚያስፈልጉ ቅባቶችንም ይሰጣል። ሆኖም የእናንተ ወንዝ ትንሽ ስለሆነና ዳርቻው ድሮ በዛፍ የተሸፈነ ስለነበር፣ ቅጠሉ ዋናው ነገር እንደነበር አልጠራጠርም።

ወፎቹ ለምን እንደጠፉ ጠይቃችኋል። ይህን ጥያቄ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወፍና ወንዝን አያገናኝም። በዚህ ላይ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ ልቤን የሚነካው የጃፓናዊው ሺገሩ ናካኖ ነው። በሆካይዶ ደሴት፣ ሆሮናይ በሚባል ጅረት ላይ ሠራ። ከጫካው ወደ ውሃ የሚወድቁትን ነፍሳት ቆጠረ፤ ከውሃው ክንፍ አውጥተው ወደ ጫካ የሚበሩትንም ቆጠረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። ዓሦቹ በዓመት ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት 44 በመቶውን ያገኙት ከዛፍ ላይ ወደ ውሃ ከወደቁ አባጨጓሬዎችና ሌሎች ነፍሳት ነበር። በጫካው ያሉ ወፎች ደግሞ ሩብ ያህሉን ምግባቸውን ያገኙት ከወንዝ በወጡ ነፍሳት ነው። የሚገርመው ወቅቱ ነው። ዛፎቹ ቅጠል አልባ ሆነው ጫካው ሲራቆት ወንዙ ወፎቹን ይመግባል። ቅጠሉ ሲያቆጠቁጥና ጫካው በአባጨጓሬ ሲሞላ ደግሞ ጫካው ዓሣውን ይመግባል። አንዱ ሲያጣ ሌላው ይደርስለታል። ናካኖ ይህ ጽሑፍ ሲታተም በሕይወት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሜክሲኮ ለምርምር በወጣበት በጀልባ አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

እሱና ባልደረቦቹ ቀደም ብለው ሌላ ሙከራም አድርገው ነበር። ከዛፍ የሚወድቁ ነፍሳት ወደ ጅረቱ እንዳይገቡ ላዩን በስስ ሽፋን ጋረዱት። ዓሦቹ ከላይ የሚመጣው ሲቋረጥባቸው ፊታቸውን ወደ ወለሉ መለሱ፤ አልጌ ፋቂዎቹን ጨረሷቸው። ፋቂ ሲጠፋ አልጌው ተንሰራፋ። ዛፍ መቁረጥ ማለት እንግዲህ ጥላ ማጥፋት ብቻ አይደለም። ዓሣውን ምግቡን መንጠቅ ነው፤ ወፉን፣ ሸረሪቱን፣ የሌሊት ወፉን ጭምር።

አሁን ወደ ላብራቶሪ ውጤቱ ልመለስ። ናሙናው የተወሰደው በስንት ሰዓት ነው? ይህን ሁልጊዜ ጠይቁ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ኦክስጅን በጣም ጥቂት ነው። አንድ ሊትር አየር 280 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ግን በባሕር ወለል ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 9 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ይቀንሳል። በ0 ዲግሪ 14.6 ሚሊግራም የነበረው በ30 ዲግሪ 7.6 ገደማ ይሆናል። ጥላ የተነጠቀ ወንዝ ይሞቃል። ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ የዓሣው ሰውነት ደግሞ በሙቀት የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ።

ሌላም አለ። ፀሐይ የወጣበት ወንዝ አልጌ ያበቅላል። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እንደማንኛውም ፍጥረት ይተነፍሳል፤ ከውሃው ይወስዳል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የተቀዳ ናሙና «ኦክስጅኑ የተትረፈረፈ ነው» ሊል ይችላል። ሊነጋ ሲል ግን በዚያው ቦታ ዓሣ የሚታፈንበት ደረጃ ሊደርስ ይችላል። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ከንጋት በፊት እንዲለካ እጠይቃለሁ። ዋናው ቁጥር የሚገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

ከወለሉ በታች ያለውን ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ አያስበውም። ወንዝ የሚፈሰው በምናየው ቦይ ብቻ አይደለም። በጠጠርና በአሸዋው መሐል ለመሐል፣ ከሥርም ከጎንም፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ውሃ አለ። እዚያ ውስጥ ነፍሳት ይኖራሉ። ብዙ ዓሦች እንቁላላቸውን ጠጠር ውስጥ ይቀብራሉ። የውሃው ቆሻሻም በባክቴሪያዎች የሚጣራው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጃክ ስታንፎርድና ጄምስ ዋርድ በአሜሪካዋ ሞንታና፣ በፍላትሄድ ወንዝ አካባቢ፣ ከወንዙ እስከ 2 ኪሎ ሜትር በሚርቁ ጉድጓዶች ውስጥ የወንዝ ነፍሳት እጮች እንዳሉ ጽፈዋል። ከመሬት በታች በጠጠሩ ተጉዘው ነው እዚያ የደረሱት። የወንዙ ወርድ ዓይን ከሚያየው ምን ያህል እንደሚሰፋ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ይህ የከርሰ ጠጠር ዓለም አንድ ክፉ ጠላት አለው፤ ደቃቅ ደለል። ሥሩ አፈር የያዘ ዛፍ ሲነቀል ዳርቻው ይናዳል። ደቃቁ አፈር በጠጠሩ መካከል ያለውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ውሃ መግባት ሲያቆም እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ከላይ የሚያልፈው ውሃ ግን ዝናብ በሌለበት ወቅት ኩልል ያለ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ሞክሩ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ውሃው ውስጥ ግቡና ጠጠሩን በእግራችሁ ቀስቅሱት። ወፍራም ቡናማ ደመና ከተነሳ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው።

ቀጥ ማድረጉስ? ይህ ለእኔ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ዛፍ ተመልሶ ይበቅላል፣ የተቆፈረ ቦይ ግን በራሱ ጠመዝማዛ እስኪሆን ረጅም ዘመን ይወስዳል። ጠመዝማዛ ወንዝ በአንድ በኩል ጥልቅ ኩሬ፣ በሌላው ስስ አሸዋ ይሠራል። በመሐል ደግሞ ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንሿሿ የሚያልፍበት ቦታ አለ። እዚያ አየር ይቀላቅላል፤ ብዙዎቹ ነፍሳት እዚያ ይኖራሉ። ትልቅ ዓሣ ኩሬው ውስጥ ያርፋል። የዓሣው ጫጩት ሞገድ በማይደርስበት ስስ ዳርቻ ያድጋል። የወደቀ ግንድ ውሃውን ያዘገያል፣ ቅጠል ያጠራቅማል፣ ከሥሩ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ከአዳኝ ይሸሽጋል። ይህ ሁሉ ሲጠፋ የሚቀረው አንድ ዓይነት ጥልቀትና አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ቦይ ነው። ወንዙ ሲያጥር ተዳፋቱ ይበረታል፤ ውሃው ይፈጥናል፤ ወለሉን ይቆርጣል። ወለሉ ሲወርድ ደግሞ ወንዙ ከጎኑ ካለው ሜዳ ጋር ይለያያል። ቅጠል ቢወድቅ እንኳን የሚይዘው ስለሌለ ሳይበላ ያልፋል።

በፍሎሪዳ የኪሲሚ ወንዝ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ባለው ጊዜ 166 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ጠመዝማዛ ወንዝ ጎርፍ ለመከላከል ተብሎ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሆነ ቀጥ ያለ ቦይ ተቀየረ። በብርዱ ወራት የሚመጡት የውሃ ወፎች ከ90 በመቶ በላይ ቀነሱ። በቦዩ ውስጥ ኦክስጅን አነሰ፤ ዓሣውም ተለወጠ። በኋላ ቦዩን በከፊል መልሶ መድፈንና የድሮውን መንገድ መክፈት ተጀመረ። ግንባታው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2021 ቆየ። ውሃው ወደ ቀድሞ መንገዱ በተመለሰባቸው ቦታዎች ወፎቹ መጡ። ለማበላሸት 9 ዓመት፣ ለማስተካከል ከ20 ዓመት በላይ።

ስለ ሙላትም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ ቦይ የሚቆፈረው እሱን በመፍራት ነውና። ቤት የሚያፈርስ ጎርፍ እውነተኛ አደጋ ነው፤ ፍርሃቱ ይገባኛል። ለወንዙ ግን የየዓመቱ ሙላት የምግብ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቮልፍጋንግ ዩንክ፣ ፒተር ቤይሊና ሪቻርድ ስፓርክስ ይህን በደንብ አብራሩት። በማዕከላዊ አማዞን ውሃው በየዓመቱ 10 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ጫካው ለወራት ውሃ ውስጥ ይቆማል። ታምባኪ የሚባለው ትልቅ ዓሣ ያኔ በዛፎቹ መካከል እየዋኘ የወደቀ ፍሬ ይበላል፤ ዘሩንም ሌላ ቦታ ወስዶ ይጥላል። ዓሣ ዛፍ ይተክላል ማለት ነው! በትንሽ ወንዝ ላይ ነገሩ እንዲህ ግዙፍ አይሆንም። ሆኖም ውሃው ለጥቂት ቀናት የሚተኛበት ሜዳ ካለ ለጫጩቶች ሞቅ ያለና ምግብ የሞላበት ማደጊያ ይሆናል። ጉልበቱም ሜዳው ላይ ስለሚረግብ ከታች ያሉ ሰዎች የሚደርስባቸው ጎርፍ ይቀላል።

ከእናንተ ወንዝ በላይ ግድብ ወይም ውሃ መጥለፊያ ካለ ያንንም ማየት ያስፈልጋል። ጥያቄያችሁ ላይ ስላልተጠቀሰ አላረዝመውም። አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። በኮሎራዶ ወንዝ፣ ከግሌን ካንየን ግድብ በታች፣ ለኤሌክትሪክ ሲባል ውሃው በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላል። ብዙ ነፍሳት እንቁላላቸውን የሚያጣብቁት ልክ በውሃው ጠርዝ ላይ ባሉ ድንጋዮች ነው። ውሃው ሲወርድ እንቁላሉ ደርቆ ይሞታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ቅዳሜና እሑድ ውሃው ዝቅ ብሎ ሳይለዋወጥ እንዲቆይ ተሞከረ፤ ነፍሳቱ እንዲወልዱ ብቻ ተብሎ።

አሁን በእጃችሁ ልትሠሩት ወደምትችሉት ልምጣ። መጀመሪያ ድንጋይ ገልብጡ። ከወንዙ ውስጥ አምስት ስድስት ድንጋይ አንስታችሁ ሥራቸውን ተመልከቱ። ጅራታቸው ሁለት ወይም ሦስት ክር የሆነ፣ ጠፍጣፋና ፈጣን እጮች ካያችሁ ተስፋ አለ። እነዚህ ሜይፍላይና ስቶንፍላይ የሚባሉት ነፍሳት ልጆች ናቸው። ከጠጠር የተሠራች ትንሽ ቱቦ ድንጋዩ ላይ ተለጥፋ ካያችሁም የካዲስፍላይ ቤት ናት። ብዙዎቹ ኦክስጅን ሲያንስ አይችሉም። የሚገኘው ቀይ ቀጭን ትል መሳይ እጭ ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ከባድ ነው። የእሱ ቅላት እንደኛ ደም ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ኦክስጅን በጎደለበት ጭቃ ውስጥ እንኳን ይኖራል። የላብራቶሪ ናሙና ስለ አንዲት ደቂቃ ይመሰክራል። ድንጋዩ ሥር ያለው ነፍሳት ግን እዚያ ለወራት ኖሯል፤ ያለፈውን ሁሉ አይቷል። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ድንጋዮቹ ሥር ምንም ከሌለ፣ ወደ ላይ ሄዳችሁ ያልተነካውን የወንዙን ክፍል ፈልጉ። እዚያ ነፍሳቱ ካሉ ማንም ሳያመጣቸው ይደርሳሉ። ነፍሳት በተለይ ሌሊት ሌሊት ራሳቸውን ለወራጁ ውሃ ለቀው ወደ ታች ይወርዳሉ። ክንፍ ካወጡ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ላይ ይበራሉ። ካርል ሙለር የተባለ ተመራማሪ ይህን ዑደት እ.ኤ.አ. በ1954 ገልጾታል። ስለዚህ ምግብና ማረፊያ ካገኙ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ለውጥ ማየት ይቻላል። ላይኛው ክፍልም ከተቆረጠ ነገሩ ይረዝማል።

ከዚያ በዳርቻው ላይ የአካባቢውን ዛፍና ቁጥቋጦ ትከሉ፤ ከብት እንዳይገባ ለጥቂት ዓመት ከልሉት። ቶሎ ጥላ እንዲሆን ብላችሁ ባሕር ዛፍ መሳይ ባዕድ ዛፍ አትምረጡ። የውሃው ፈንገስና ነፍሳት የለመዱት የአካባቢውን ቅጠል ነው፤ የባዕዱ ብዙውን ጊዜ ጠንካራና ለመበላት የሚያስቸግር ነው። የወደቀ ግንድ ድልድይ እስካልዘጋ ድረስ ባለበት ተዉት። እንዲያውም ጥቂት ግንድና ትላልቅ ድንጋይ መልሶ ማስገባት ብዙ ነገር ይቀይራል፤ ውሃው ራሱ ኩሬውን መቆፈር ይጀምራል። ግን አያያዙን የሚያውቅ መሐንዲስ ይኑር፤ ያልታሰረ ግንድ በጎርፍ ጊዜ ታች ያለውን ሊጎዳ ይችላል። ጠመዝማዛውን መመለስ ገንዘብና ፈቃድ ይጠይቃል። ቢቻል በአንድ ቦታ ብቻ እንኳን ጀምሩት፤ ሜዳ ያለበትንና ቤት የሌለበትን ምረጡ።

ዓሣ መጨመሩስ? አሁን አይደለም። የሚበላው ሳይኖር የተጨመረ ዓሣ ይራባል፤ ወይም የቀሩትን ጥቂት ነፍሳት ጨርሶ ይሞታል። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ዝርያው ባዕድ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከውሃ ያልፋል። በዚያው በሆካይዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሙከራ ይህን አሳይቷል። ከውጭ የመጣ ሬንቦ ትራውት የተባለ ዓሣ ከዛፍ የሚወድቀውን ነፍሳት ሲቀማ፣ ነባሮቹ ዓሦች ወደ ወለሉ ዞሩ፤ ከውሃ የሚወጣው ነፍሳት ቀነሰ። በዳርቻው ጫካ የሚኖሩ ሸረሪቶች በ65 በመቶ አነሱ። ዓሣ ተጨምሮ ሸረሪት ጠፋ።

ወንዙ ወደ ታች ከሌላ ወንዝ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ዓሣው በራሱ የሚመጣበት መንገድ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በትልቅ ግድብ አይደለም። ከመንገድ ሥር የተቀበረ ቱቦ፣ ውሃው ከአፉ ከፍ ብሎ የሚወርድበት፣ ለትንሽ ዓሣ ግንብ ነው። ያ ካለ ከሁሉም በፊት እሱን አስተካክሉ። ድንጋዮቹ ሥር ነፍሳቱ ከበዙ በኋላ፣ መንገዱም ተከፍቶ ሳለ ዓሣ ካልመጣ፣ ያኔ ከዚያው ወንዝ ወይም ከዚያው ተፋሰስ ከሌላ ገባር ጥቂት ነባር ዓሦችን ማዛወር ይቻላል። እሱንም ቢሆን የዓሣ ሀብት ባለሙያ አይቶ፣ ፈቃድ ተሰጥቶበት፣ እንቁላል ከሚጥሉበት ወቅት በፊት ቢሆን ይመረጣል።